የላንጋኖ ሻንጣ

«ለቀብሩ እንደሆነ አትደርስ፤ ዛሬ ሰምታ ስትንፈራፈር ብትውል ለማን ይበጃል?»

ይህን ያሉት እትዬ የማርያምወርቅ ናቸው፤ የሰማችው ደግሞ ፌበን ናት። ፌበን በእትዬ የማርያምወርቅ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር አስተማሪ ስትሆን፣ ያን ቅዳሜ ጠዋት ውሃው ሳይሄድ ጀሪካኗን ልትሞላ ቧንቧው ሥር ቆማ ነበር። ቧንቧው ያለው ከሳሎኑ መስኮት ሥር ነው። የፈረንሳይ ለጋሲዮን ግቢዎች እንዲህ ናቸው፤ አንዱ ሲያስነጥስ ጎረቤቱ ከአልጋው ሳይነሳ ይማርህ ይላል። ጀሪካኑ ሞልቶ ውሃው በጫማዋ ላይ ሲፈስ ፌበን ልብ አላለችውም። ሳሎን ውስጥ ከእትዬ የማርያምወርቅ ጋር የተቀመጡት የእድሩ ዳኛ ጋሽ አካሉ ነበሩ። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ንጋት ላይ ከወልዲያ ተደውሎ፣ የእትዬ የማርያምወርቅ ታላቅ እህት ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ሌሊቱን ማረፋቸው ተነግሯል። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ የሀይማኖት እናት ናቸው። ሀይማኖት ደግሞ ከአክስቷ ጋር የምትኖር፣ በዚያች ሰዓት በጓዳ በኩል ባለው ክፍሏ ተኝታ የነበረች፣ የፌበን የልብ ጓደኛ ናት። ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ወልዲያ በክረምት ደሴ ታድሮ የሚደረስበት አገር ነው። ስለዚህ ሁለቱ ሽማግሎች እንደ ወጉ ተስማሙ። ሀይማኖት ዛሬ ምንም አትሰማም፤ ነገ ሲነጋጋ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ ያረዳታል፤ ከዚያ ለልቅሶው ተያይዞ መሄድ ነው።

እትዬ የማርያምወርቅ ጋሽ አካሉን ሸኝተው ሲመለሱ ፌበንን እዚያው ቆማ አገኟት። እጃቸው ላይ ምስር የተዘረጋበት ሰፌድ ይዘዋል። ሰፌዱን ይዘው ለምን በር ድረስ እንደሄዱ እሳቸውም የሚያውቁት አይመስልም።

«ሰማሽ አይደል?»

«ሰማሁ እትዬ። እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

«ተይኝ፣ እሱን ነገ ትይኛለሽ» አሉና ወደ ጓዳው በኩል ዞር ብለው አዩ። «ይልቅ ስሚኝ ልጄ። ስንት ዓመት ሙሉ ላንጋኖ ላንጋኖ ስትሉ አልነበር? ነገ እንሄዳለን በያት። ሻንጣዋን ታዘጋጅ፤ ጠዋት በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል ልብስ ፍለጋ እንዳንንከራተት። ቀኑንም ይዘሻት ውጪ። ሰው ይገባል ይወጣል፣ ስልኩም አያርፍም። የጓደኛችሁ የርሆቦት ባል ሚልኬሳ በሚኒባሱ ሊያደርሰን ነው፤ ጋሽ አካሉ ነግሮታል።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ ውሸት…»

«ውሸት ማን አለሽ? ማቆየት ነው።» ምስሩን መልቀም ጀመሩ፤ ጠጠሩን ትተው ምስሩን እየጣሉ። «እኔስ እህቴ አይደለችም? ዓይኔ ካበጠ ታውቅብኛለች ብዬ ነው እንጂ።»

ፌበን ጀሪካኗን አነሳች። ጌታን ካገኘች ጀምሮ በቀልድ እንኳ ላለመዋሸት የምትጠነቀቅ ልጅ ናት፤ ለዚህም ሀይማኖት ስታሾፍባት ዓመታት አልፈዋል። አሁን ግን ሰው ሁሉ ተማክሮ፣ ሽማግሌ ገብቶበት፣ አልቅሶ የማያውቅ ፊት አድርጋ እንድትዞር ተላከች። ደግሞ ከሁሉ የከፋው የላንጋኖው ነገር ነው። ሦስቱ ጓደኞች፣ ፌበንና ሀይማኖት ርሆቦትም ጭምር፣ ኮተቤ ሲማሩ ጀምሮ በየክረምቱ ላንጋኖ እንሂድ ይላሉ፤ በየክረምቱም አንድ ነገር ይገጥማል። አንዱን ዓመት ርሆቦት አገባች። ሌላውን ዓመት ብር ጠፋ። ሀይማኖት ደግሞ ትምህርት ቤት በተዘጋ ማግስት ወደ እናቷ ነው የምትበረው። ዘንድሮ ግን እናትየው ራሳቸው በስልክ፣ ዘንድሮ እኔ ጋ አትምጪ፣ እንደ እኩዮችሽ ተዝናኚ ብለው ከለከሏት። ሀይማኖት ዘንድሮ ወልዲያ ያልሄደችው ለላንጋኖ ብላ ነው። ነገ ጠዋት ይህን ሁሉ ስታስበው ፊቷን ወደ እኔ ታዞር ይሆን? ፌበን ጀሪካኗን እየጎተተች የምታስበው ይህንኑ ነበር።

ሀይማኖትን ስትቀሰቅሳት ብርድ ልብሱን እስከ ራሷ ስባ ነበር። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አልጋ፣ ከሥሩ የልብስ ሳጥን፣ የተማሪ ደብተር የሚታረምበት ጠረጴዛ፣ በግድግዳው ላይ ያለፈበት የባንክ ቀን መቁጠሪያ። ቀን መቁጠሪያው ያልተጣለው ሥዕሉ ውሃና ጀልባ ስለሆነ ነው።

«ተነሺ፣ ነገ እንሄዳለን!»

«የት?»

«ላንጋኖ ነዋ! ሚልኬሳ መኪናውን ይዞ ይመጣል።»

ሀይማኖት ብርድ ልብሱን ከፊቷ ገፈፈችው። «ማርያምን በይ!»

«እኔ ማርያምን እንደማልል ታውቂ የለ።»

«ይሄ ጴንጤነትሽ!» ብላ ተነስታ አቀፈቻት። ፌበን እስከዚያች ቀን ድረስ ባለመማሏ እንዲያ ደስ ብሏት አያውቅም። እጇ ግን ቀዝቅዞ ነበር፤ ሀይማኖት በረደሽ እንዴ ብላ ብርድ ልብሱን ጣል አደረገችባት።

ርሆቦት ከአያት ሰፈር ስትመጣ ረፋድ ሆኖ ነበር። ሚልኬሳ ነግሯት ታክሲ ውስጥ ስታለቅስ መጥታ ኖሮ፣ በዚያ ደመና ጥቁር መነጽር አድርጋ ከተፍ አለች።

«በሐምሌ መነጽር?» አለች ሀይማኖት።

«የላንጋኖ ልምምድ ነው» አለች ርሆቦት፤ ሀይማኖትም ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከአክስቷ ፊት ስትደርስ እትዬ የማርያምወርቅ ያለ ወትሯቸው ግንባሯን ሳሟት። «በርቱ፣ ንፋስ ተቀበሉ» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። ሀይማኖት፣ እቴቴ ዛሬ ምን ነካት፣ መሄዴ አስደስቷታል መሰለኝ አለች። ደስተኛ ሰው ያየውን ሁሉ ለደስታው ይተረጉመዋል፤ በዚህ ማንም አይፈረድበትም።

ወደ እንጦጦ በሚወስደው ዳገት ወጡ። አስፋልቱ አልቆ ጭቃው ሲጀምር ከተማው ከኋላቸው በጉም ውስጥ ገባ። የቆርቆሮ ጣሪያው፣ ታክሲው፣ የአዲሱ ክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤት የሚቀባበት መሰላል፣ ሁሉም ጠፋና ድምፁ ብቻ ቀረ፤ እሱም ቢሆን ከታች የሆነ ቦታ ላይ ሰው በእንቅልፍ ልቡ የሚያወራ ይመስል ነበር። የባሕር ዛፉ ቅጠል እያንጠባጠበ ነው። ከዛፎቹ መሀል በላስቲክ የተሸፈነች፣ ሻይና የተቀቀለ ድንች የሚሸጥባት ደሳሳ ቤት አለች፤ ሻይ ሃምሳ ሳንቲም፣ ድንቹ ከሚጥሚጣው ጋር አንድ ብር። እዚያ አግዳሚው ላይ ተጠጋግተው ተቀመጡ። ከሦስቱ ላንጋኖን ያየች ርሆቦት ብቻ ናት፤ ለጫጉላ ሄዳ ሁለት ቀን አድራለች። ሁለት ቀን ያደረ ሰው ደግሞ አገሩን ከተወላጁ በላይ ያውቀዋል።

ርሆቦት መነጽሯን ሳታወልቅ ትመክር ጀመር። ሲነጋጋ መውጣት ነው፤ ፀሐይ ከወጣች ሞጆ ላይ መኪና አያሳልፍም። ሎሚ መያዝ አለባችሁ፤ ማቅለሽለሽ ሲመጣ ማሽተት ነው። ቲማቲም መቂ ላይ እንጂ ከዚህ አትሸከሙ፤ በብር ቅርጫት ሙሉ ይሰጧችኋል። ዝዋይ ዓሣ ስታዙ፣ ሀይማኖትዬ፣ የሐዋርያት ጾም ነው ብለሽ እንዳትለግሚ፣ ዓሣ የሚበላ የቄስ ልጅ አውቃለሁ። አንሶላ ከቤት ያዙ፤ የሆቴሉ አንሶላ ንጹሕ ነው ግን አጭር ነው፣ እግር ይቀራል። ውሃውን ስታዩት ቀይ ነው፣ እንዳትደነግጡ፤ ቆሻሻ አይደለም፣ መልኩ ነው። ዋና አልችልም የምትይው ነገር ደግሞ ሰበብ አይሆንም፤ ሚልኬሳ የመኪና ከመነዳሪ ነፍቶ ይሰጠናል፣ በላዩ ተኝቶ መንሳፈፍ ነው።

«ተኝቶ?» አለች ሀይማኖት።

«በጀርባሽ። ጆሮሽ ውሃ ውስጥ ይገባና ምንም አትሰሚም። ሰማዩ ብቻ ይታይሻል።»

ሀይማኖት የሻዩን ብርጭቆ በሁለት እጇ ይዛ ዓይኗን ጨፈነች። እዚያው ጉሙ ውስጥ የተንሳፈፈች መሰለች። ፌበንም ሳታውቀው አብራት ሄደች። እውነት ነገ ቢሄዱስ? መኪናው ይመጣል፤ ሻንጣው ይዘጋጃል፤ ሁሉም ይሳፈራል። ሚልኬሳ ኮተቤ ላይ ወደ ሰሜን መዞሩን ትቶ ቁልቁል ወደ ሞጆ ቢነዳ፣ ወልዲያ ላይ የሆነው ነገር እዚያው ወልዲያ ቢቀር? እንዲህ ያለ ሐሳብ ኃጢአት ይሁን ጸሎት አላወቀችውም። ብቻ ለጥቂት ጊዜ ጣማት።

«እኔም ልምከራችሁ» አለች ሀይማኖት ዓይኗን ስትገልጥ። «የሚመጣው ክረምት ሁለታችሁም ወልዲያ ትመጣላችሁ። እንቢ የለም። ጣርማ በር ዋሻው ጋ ስትደርሱ መስኮት ዝጉ፤ ጉሙ ዘሎ ነው የሚገባው። ደብረ ሲና ቆሎ ትገዛላችሁ፣ ግን እማዬ ስለምትወድ እንዳትጨርሱት። ደሴ ስታድሩ መናኸሪያው አጠገብ አልጋ አትያዙ፤ ሌሊቱን ሙሉ ረዳት ሲጮኽ ያድራል። ከዚያ ወልዲያ ስትወርዱ ማንንም አትጠይቁ፤ አንዲት ቀጭን ሴትዮ ጃንጥላ ይዛ ቆማ ታገኛላችሁ። አትምጪ ብትሏት አትሰማም፤ አውቶቡሱ ከመግባቱ በፊት ነው የምትመጣው። ፌቤን ስታይ፣ ይቺ ጾም የማታውቀዋ ናት ብላ ወተት ታፈላላታለች፣ ለእኛ ሽሮ። ከዚያ ወተቱን ስትጠጪ አጠገብሽ ቁጭ ብላ፣ እንዴት ነው፣ እናንተ ስትጸልዩ ለምንድን ነው እንዲያ የምትጮኹት ብላ ትጠይቅሻለች። ከልቧ ነው የምትጠይቀው፤ እንዳይከፋሽ።»

ርሆቦት ተነስታ ድንች ልጨምር ብላ ወደ ሻጯ ሄደች፤ እዚያም ጀርባዋን ሰጥታ ቆየች። ፌበን ሰዓቷን ያየችው በዚህ ጊዜ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። አሁን ወልዲያ ላይ ያቺ ጃንጥላ የምትይዘው ሴት ወደ አፈር እየገባች ነው፤ ልጇ እዚህ ድንች እየላጠች ስለ እሷ እንዳለች አድርጋ ታወራለች። የፌበን ውስጧ አለቀሰ፤ ላይዋ ሚጥሚጣው አቃጠለኝ አለ። ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች ከላይ ከጫካው ጎንበስ ብለው በፊታቸው አለፉ፤ አንዷ ሳትቆም እንደምን ዋላችሁ አለቻቸው፤ ሦስቱም እግዚአብሔር ይመስገን አሉ።

«ስንወርድ ልደውልላት» አለች ሀይማኖት። «የጎረቤት ስልክ ነው፤ ይጠሩልኛል። ነገ ላንጋኖ እንሄዳለን ልበላት፤ ስንት ጊዜ ስትገፋፋኝ ነበር፣ ደስ ይላታል።»

ርሆቦት ከነድንቹ ቆማ ቀረች። ፌበን መልስ መስጠት ያለባት እሷ መሆኗን አወቀች። መስመር ተበላሽቷል ማለት ይቻል ነበር፤ እትዬ ስልኩን ቆልፈውታል ማለት ይቻል ነበር፤ የሳሎኑ ስልክ በሣጥን ውስጥ እንደሚቆለፍ መንደሩ ያውቃል። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«አሁን ምን ትያታለሽ? ሄደሽ እይና፣ ስትመለሺ ሁሉንም አንድ ላይ ንገሪያት።»

ሀይማኖት አሰብ አደረገች። «እውነትሽን ነው። አሸዋም ይዤላት እመጣለሁ» አለች። ፌበን ይህኛው ማቆየት እንዳልሆነ ገባት። ጠዋት የተሰጣት ውሸት የሁሉም ነበር፤ ይህ ግን የራሷ ነው፤ ነገ የሚጠየቁበት ሁሉ ቢረሳ ይህ አይረሳም። ሲወርዱ ዝናቡ ያዛቸው። ሀይማኖት ከሁለቱ ፊት ፊት እየሮጠች፣ ጭቃውን እየዘለለች፣ እንደ ተማሪዎቿ እየጮኸች ወረደች።

ሲመሻሽ ርሆቦት ወደ ቤቷ ሄደች፤ ሁለቱ ጓደኞች በሀይማኖት ክፍል ሻንጣ ያሰናዱ ጀመር። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ነው። በሳሎኑ በኩል የእቃ ድምፅ፣ የእትዬ የማርያምወርቅ የእግር ኮቴ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ዝግ ያለ የወንድ ድምፅ ይሰማል። እትዬ በር ላይ ብቅ ብለው አንድ ጋቢ ሰጥተው ተመልሰዋል፤ መንገድ ይበርዳል ብለው። ሀይማኖት ከሰልባጅ የገዛችውን የዋና ልብስ በልብሷ ላይ ለክታ በመስታወት እያየች ትስቃለች። ይሄን ለብሼ እማዬ ብታየኝ ንስሐ አባቴን ትጠራ ነበር ትላለች። ቢጫ ቀሚስ ገባ፤ ሎሚ ገባ፤ አጭር የተባለውን የሆቴል አንሶላ የሚተካ አንሶላ ገባ። ከዚያ ጫማዬን ረስቼ ብላ በረንዳ ላይ የታጠበ ሸራ ጫማዋን ልታመጣ ወጣች።

ፌበን ደክሟት ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ስታስመስል የዋለች ሴት የሚደክማት ድካም ነው፤ ጡንቻ ላይ ሳይሆን ፊት ላይ የሚሰማ። ወለሉ ላይ ተንበርክካ፣ የቀረውን ልብስ እያጠፈች፣ ከአልጋው ሥር ያለውን ሳጥን ሳበች። እጇ የሚያውቀውን አደረገ። ነገ ሀይማኖት የት እንደምትሄድ፣ እዚያም ምን እንደምትለብስ እጇ ያውቃል። ጥቁሩን ቀሚስ አወጣች፣ አጠፈች፣ ከቢጫው ሥር ከተተች፤ ጥቁሩን ሻሽም ጨመረች። ምን እንዳደረገች ያወቀችው ሀይማኖት ገብታ ጫማውን ሻንጣው ወለል ላይ ልታደርግ ልብሱን ወደ ላይ ስታነሳ ነው።

«ይሄ ለምን ገባ?»

ፌበን ቀና አለች። ለብርድ ነው ማለት ትችል ነበር። ቀኑን ሙሉ ሲዋሽ የዋለ ምላስ አሁን አልታዘዝ አለ።

ሀይማኖት ጥቁሩን ቀሚስ በእጇ እንደያዘች ቆመች። ልብሱን አየች፣ ፌበንን አየች፣ አልጋው ላይ የተቀመጠውን ጋቢ አየች፣ ወደ ሳሎን የሚያስገባውን የተዘጋ በር አየች። ከበሩ ወዲያ የወንድ ድምፅ ይሰማል። ቀስ ብላ ወለሉ ላይ፣ ከሻንጣው አጠገብ ተቀመጠች።

«እማዬ ናት?»

ፌበን አንገቷን ደፋች። ሀይማኖት የጥቁሩን ቀሚስ ጫፍ ወደ አፏ አስገብታ ነከሰችው። ፌበን ልታቅፋት እጇን ስትዘረጋ ሀይማኖት በእጇ መለሰቻት። ዝናቡ ጠነከረ፣ ረገብ አለ፣ እንደገና ጠነከረ።

«ጠዋት ይመጣሉ አይደል?» አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋ ከልብሱ ውስጥ እየወጣ።

«ሲነጋጋ።»

«ስትመለሺ ንገሪያት ያልሽኝ…» ብላ ጀመረችና ፌበንን ትክ ብላ አየቻት። በዚያ አስተያየት ፌበን ሁሉንም አጣሁ ብላ ነበር። ሀይማኖት ግን አልጨረሰችውም። ዓይኗን በጥቁሩ ሻሽ ጠረገችና ወደ እሷ ተጠጋች። ከዚያ ያንን የበረደ እጅ ያዘችው።

«እንዳትነግሪኝ። ምንም አልሽኝም፣ ምንም አልሰማሁም። እነሱ መጥተው እስኪነግሩኝ ድረስ አልሞተችም። ዛሬን ትደርልኝ፣ ፌቤ።»

«ሀይሚዬ…»

«አውሪልኝ። ደረስን እንበል። ከመኪናው ወረድን። ከዚያስ?»

ፌበን እንደምንም ብላ አሸዋው ይሞቃል አለች። ጫማችንን አውልቀን በእጃችን እንይዛለን። ርሆቦት ከመነዳሪው ላይ እኔ እቀድማለሁ ብላ ትጣላናለች። ውሃው ቀይ ነው፣ መጀመሪያ እግርሽን ብቻ ታስነኪያለሽ፤ አይበርድም። እያወራች ራሷም አለቀሰች፤ ወሬዋን ግን አላቋረጠችም። ሀይማኖት ጭንቅላቷን ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ ጥቁሩን ቀሚስ ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች።

የእትዬ የማርያምወርቅ ድምፅ ከሳሎን መጣ፤ ሻከር ያለ፣ ግን ሊያስቅ የፈለገ ድምፅ።

«ኧረ እናንተ ልጆች ተኙ! ነገ መንገደኛ ናችሁ!»

ሀይማኖት ዓይኗን ሳትገልጥ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እሺ እቴቴ፣ ልንተኛ ነው! አንቺም ተኚ!» አለች፣ እንደ ሌላው ምሽት ሁሉ። የሳሎኑ መብራት ጠፋ።

«ውሃው ጋ ደርሰን ነበር» አለች ሀይማኖት በሹክሹክታ። «ቀጥዪ።»